ያንን ቢጫ አፈር ላክልኝ

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ሰበብ ብደረድር እንደማታምነኝ ስለማውቅ በዚሁ እለፈኝ። አሁን የምጽፍልህ ለሥዕል ቀለም የሚሆን አፈር እንድትቆፍርልኝ ነው።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ከተቆረጠበት ጠርዝ በፌስታል የሞላሁትንና አንተ እስክትደክም የሳቅህበትን ቢጫ አፈር መቼም አትረሳውም። ውኃ ውስጥ በጥብጬ፣ አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ እየገለበጥሁ አጠለልሁትና፣ የረጋውን አድርቄ በመስታወት ላይ ፈጨሁት፤ ከዚያም በብረት ምጣድ አመስሁት። ቢጫነቱ ውኃ ካዘለ የብረት ማዕድን የሚመጣ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ውኃው ይለቅና አፈሩ ይቀላል። ነገሩን ከተማሪነታችን ጀምሮ ብናውቀውም፣ ዓይኔ እያየ የበሰለ በርበሬ ሲመስል ጊዜ ብቻዬን ጮኽሁ። ባለቤቴ ግን ስለ ምጣዷ እስካሁን አኩርፋኛለች።

በዚህ ቀይ በሥዕሉ ላይ የእመቤታችንን ቀሚስ መቀባት ጀመርሁ። ሰሌዳው ዋንዛ ነው፤ በቆዳ ሙጫ የተለወሰ ጀሶ ደራርቤ አልብሼዋለሁ። ቀለሙን የምለውሰው በእንቁላል አስኳል ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ከ600 ዓመት በፊት ለወጣት ፊት ገርጣ ያለውን የከተማ ዶሮ አስኳል፣ ለሽማግሌ ፊት ደግሞ ቀላ ያለውን የገጠሩን ይመክር ነበር፤ እኔም ለመልአኩ የፈረንጅ እንቁላል፣ ለጻድቁ የሐበሻ እንቁላል እሰብራለሁ። አንተን ብሥል የትኛውን እንደምመርጥ አልነግርህም።

ጭንቀቴ ቀሚሱ እኩሌታው ላይ ሳለ አፈሩ ማለቁ ነው። አስኳል የገባበት ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ፣ እንደ ዘይት ቀለም አርጥቦ ማዋሐድ አይቻልም፤ በቀጫጭን መስመር እያነባበሩ ነው የሚሠራው። ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ብጨምርበት ድንበሩ ከሩቅ ይታያል፤ በቱቦ የሚሸጠው ቀይ ደግሞ ከጎኑ ሲሆን ይጮኻል።

አንድ ነገር አለ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ብሩሽህን እንደሰቀልህ ሰምቻለሁ። የዘገየሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እሱ ሳልጠይቅህ መጻፍ ስላልሆነልኝ፣ ለመጠየቅም ስለፈራሁ ነው። አሁንም አልጠየቅሁህም፤ ስትፈልግ ትነግረኛለህ።

ስትቆፍር ላይኛውን ጥቁር አፈር ገፍተህ ከሥሩ ያለውን ቢጫውን ብቻ ውሰድ፤ ሥርና ጠጠር ብትለቅምልኝ ደስ ይለኛል። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አስጥተህ በግማሽ ማዳበሪያ ጆንያ ሙላና ለአውቶቡስ ረዳት ስጥልኝ፤ የጭነቱን እዚህ እከፍላለሁ። ከዝናቡ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ያ ጠርዝ ክረምት ሲገባ ይናዳል።

ወንድምህ