ያለ ወረቀት ብር ከእጅሽ አይውጣ

ሸጋዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። የጦሳ ተራራም እስከ ረፋድ ድረስ ጉሙን አይገልጥም። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

እሁድ ስደውል «ምንም የለም አባ» ብለሽ ቶሎ ዘጋሽው። ድምፅሽ ግን ልክ አልነበረም። ማክሰኞ የአክስትሽ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። ግብር ቢሮው ኦዲት አድርጎሽ፣ ወጪሽን ደረሰኝ የለውም ብሎ ጥሎብሻል። የመኪና ኪራዩ፣ የጫኝና አውራጁ፣ ከገበሬው በካሽ የገዛሽው ማሾ፣ ሲደመር 400,000 ብር። ሱቁን ዘግተሽ ስታለቅሺ አገኘሁሽ አለኝ። ለምን ከሰው አፍ እሰማለሁ ልጄ? እኔ አባትሽ ነኝ። ቆጣ ብዬ ይሆናል እንጂ ትቼሽ አላውቅም።

በመጀመሪያ ይህን አድርጊ። የውሳኔው ደብዳቤ እጅሽ የገባበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፊ። ቅሬታ ለማቅረብ ያለሽ 21 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከደረሰሽ ጀምሮ ነው። ልቅሶውን ለኋላ አቆዪው። ቀኑ ካለፈ እውነትሽን ይዘሽ ደጅ ትቀሪያለሽ።

ነገሩ አልገባሽ ከሆነ ላስረዳሽ። ኦዲተሩ ብሩ መውጣቱን አልካደም ይሆናል። ማሾው ከቃሉ ገጠር በእግሩ ተራምዶ አልመጣም፣ መኪና ጭኖታል፣ ሰው አውርዶታል፣ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለንግዱ ሥራ የወጣ ወጪ ይያዝልሻል ይላል፣ ግን በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። ማስረጃ የሌለው ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠርና ትርፍ ላይ ይደመራል። ትርፍሽ 35 በመቶው እርከን ላይ ደርሶ ከሆነ በዚያ 400,000 ብር ብቻ 140,000 ብር ግብር ትከፍያለሽ። ቅጣቱና ወለዱ ደግሞ ለብቻው ነው። ከኪስሽ የወጣውን ብር አተረፍሽው ተብለሽ እንደገና ትከፍይበታለሽ። ስለዚህ ልጄ፣ ያለ ወረቀት ብር ከእጅሽ አይውጣ።

ይህን ሕግ አንብቤ አይደለም ያወቅሁት።

አንቺ ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ አራዳ የነበረንን የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቅ ታስታውሻለሽ። ከቆርቆሮው ጀርባ ተደብቀሽ ብስኩት ትበዪ ነበር። ዕቃውን የሚያመላልስልኝ አንድ ወዳጄ ነበር፣ ባለ አይሱዙው። ስሙን እናትሽ ፊት አታንሺ፣ ዛሬም ታዝናለች። በመውሊድ እኛ እነሱ ቤት፣ በገና እነሱ እኛ ቤት ነበርን። ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ፣ እኛ ጋ አራግፎ፣ በማግስቱ ወረኢሉ ይነዳ ነበር። ሒሳቡን በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፣ ሳይቆጥር ኪሱ ይከተዋል። እኔ በስኩዌር ደብተር ላይ በእርሳስ «ለመኪና» ብዬ እጽፋለሁ። በቃ። በእሱና በእኔ መካከል ወረቀት መጠየቅ ነውር ነበር የሚመስለኝ።

ኦዲተሩ መጣና ያቺን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዷን «ለመኪና» እያከበበ ወረደ። አንድ ገጽ ሲጨርስ ጣቱን ምራቅ ነክቶ ይገልጣል። አንድም ቃል አልተናገረም። ሲጨርስ ገጾቹ በቀይ ቀለበት ተሞልተው ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ወዳጄ ቤት ሄጄ ላለፉት ሁለት ዓመታት ተቀብያለሁ ብለህ ፈርምልኝ አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «እኔም እኮ ይህን ገቢ አላስመዘገብሁም፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ሰማይ ተደፋብኝ። ካዳኸኝ፣ ጨውና እንጀራዬን በልተህ ካዳኸኝ ብዬ በልጆቹ ፊት ሰደብሁት። ቡናው ተፈልቶ ነበር፣ ሳልቀምሰው ወጣሁ። ግብሩን የእናትሽን ወርቅ ሸጬ ከፈልሁ። ወርቁ አይቆጨኝም። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሞተ አሉኝ። ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ይቀበራል ተባለ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሰው ወደ ቀብር ሲያልፍ አየሁ። እግሬ እንቢ አለኝ። ያንን ሁሉ ዘመን በአንድ ብጣሽ ወረቀት ምክንያት አጣሁት፤ ወረቀቱን ደግሞ በጊዜው ብጠይቀው ኖሮ በሳቅ ይፈርምልኝ ነበር።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ የጫኝና አውራጁ ነገር። ለልጆቹ ስትከፍዪ ስማቸው፣ መታወቂያቸው፣ የተከፈለው ብርና ፊርማቸው ያለበት ወረቀት አዘጋጂ። ከገበሬው ስትገዢም እሱ ደረሰኝ የለውምና ግብር ቢሮው የሚቀበለውን የግዢ ሰነድ አስፈቅደሽ ያዢ። የሚቻለውን ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈዪ፣ ዛሬ ቃሉ ገበያ ላይ ገበሬው ራሱ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚቀበልሽ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395፣ ትልልቅ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ እንዳይሆን ገድቧልና የሒሳብ ባለሙያሽን በዝርዝር አስረዳኝ በዪው። ለእሱ የምትከፍዪውን አትሰስቺ። ደረሰኝ ስትቀበዪ ስምሽና የግብር ከፋይ ቁጥርሽ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመሽ እዪ። ያለ ወረቀት ብር አይውጣ፣ ላንቺ አጎት እንኳ ቢሆን።

ደግሞ ስሚኝ። በዚህ ሰሞን «ደረሰኝ ልሽጥልሽ» የሚል ሰው አይጠፋም። ጭንቀትሽን ያሸታሉ። እንዳታደርጊው! ሐሰተኛ ደረሰኝ ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል። ታስረሽ ስንቅ ላመላልስ አልችልም፣ እናትሽም አትችለውም።

ለቅሬታው የባንክ መግለጫሽን አውጪ። ብር ያወጣሽበትን ቀን ጭነት ካስጫንሽበት ቀን ጋር አስተያዪ። የመጋዘን መግቢያ ወረቀት፣ የሚዛን ወረቀት፣ የኬላ ማለፊያ፣ ያለሽን ሁሉ ሰብስቢ። ሁሉም ላይያዝልሽ ይችላል፣ የተያዘው ግን ይቀንስልሻል። የጎደለውን እኔ አለሁ። የጓሮውን ባሕር ዛፍ የሚጠይቅ ሰው አለ።

የአክስትሽ ልጅ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ማሾሽን የሚጭንልሽ ሾፌር የዚያ የወዳጄ ልጅ ነው አሉ። አንቺ አታውቂም ነበር፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የእሱም ክፍያ ተጥሎብሻል። ሄደሽ እንዳትቆጪው፣ ፈርምልኝ ብለሽም እንዳታስጨንቂው። ከእንግዲህ በባንክ ክፈዪው፣ ደረሰኝም እንዲቆርጥልሽ በጨዋ ቃል ንገሪው።

ሐሙስ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። እናትሽ በሶና ቅቤ ትልክልሻለች፣ ያለፈውን ጣሳ አጥበሽ ጠብቂኝ። ደብዳቤውንና የባንክ መግለጫውን አውጥተሽ አስቀምጪ። ልጁንም ከሰዓት በኋላ ቡና እንዲጠጣ ጥሪልኝ። ማን እንደሆንሁ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

አባትሽ