የኮርኒስ ሥራ ከእንግዲህ በሰፈር እንጂ በነጠላ ቤት የማንቀበልበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ስልካችን ዕረፍት ያጣል። ጥቅምት ሳይገባ ኮርኒስ ማሠራት የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ተገቢም ነው። ዘንድሮ ግን በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በቡራዩ በኩል ይህን ሥራ የምንቀበለው ቢያንስ አምስት ጎረቤታሞች ተስማምታችሁ ስትመጡ ብቻ ነው።

ቤቱን የሚያቀዘቅዘው በአብዛኛው ጣሪያው ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ ግድግዳ፣ ምርጊቱ ካልተሰነጠቀ፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ቆርቆሮ ግን ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ከውጭው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። የቤተሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ከሥሩ ሲደርስ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሊነጋጋ ሲል አልጋ ላይ ጠብ የሚለውን ‹‹ጣሪያዬ ያፈሳል›› ብላችሁ የጠራችሁን ጥቂት አይደላችሁም፤ የሚስማሩ ቀዳዳ ቢደፈንም የማይቆመው ለዚህ ነው። የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢትም አቧራ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ብርድ አይመልስም። ችፑድና ከበላዩ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን በጋራ? በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ቤቶችን ቀና ብላችሁ እዩ። ማካፈያው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ድረስ አይደርስም፤ በላዩ ያለው አየር የሁሉም ነው። ከመካከል አንዱን ብቻ ብንሠራ ብርዱ ከጎረቤት በኩል ዞሮ ይገባል፣ የደንበኛው ገንዘብም ግማሽ ዋጋውን ያጣል። የመኪና ጭነት ወጪው ሲካፈል መቅለሉ ሌላው ጥቅም ነው።

ክፍያውን በዕቁብ ብታደርጉት እንመርጣለን። ገንዘቡ በራሳችሁ ሰብሳቢ እጅ ይቆይ፤ እኛ አንድ ቤት ባለቀ ቁጥር እንቀበላለን። ተራውን በዕጣ ማውጣት ልማዳችን ቢሆንም ሕፃንና አረጋዊ ያለበት ቤት ቢቀድም ደስ ይለናል። ተከራዮች ከሆናችሁ አከራዩ በሥራው መስማማቱን፣ በዚህም ሰበብ ኪራይ እንደማይጨምር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ቢሆን ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል።

ምጣድን በተመለከተ ለብቻው ልንናገር ይገባል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሊሰካ አይገባም፤ ኮርኒስ ከመዝጋታችን በፊት መስመሩን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። በዓል ዋዜማ ሁሉም አብሮ ሲጋግር ደግሞ ኃይሉ ይወርዳል። ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል በሲሶ ይቀንሳል፤ እንጀራው ሳይበስል ይቆያል፣ በቆየ ቁጥርም ሙቀቱ በከንቱ ይባክናል። ተራ ገብቶ መጋገር ያለ አንድ ብር ወጪ የሚገኝ እድሳት ነው። የሶላር ፓነል የምትጠይቁን ደንበኞች ብዙ ናችሁ፤ ለአምፖልና ለስልክ እሺ፣ ለምጣድ ግን ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ባትሪ ይጠይቃል። መጀመሪያ ጣሪያው!

የማንደራደርበት አንድ ነገር አለ። በደንብ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አይገባም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ብርዱን ስንዘጋ የአየር መውጫ እንተዋለን። በጨርቅ የሚደፍነው ካለ ሥራችንን አፈረሰ ማለት ነው፤ ከሰል አያይዞ የሚተኛ ቤትንም ይህን እስኪተው ድረስ አንሠራም።

ቀድመው ቀብድ የከፈላችሁ በቀድሞው ውል ትስተናገዳላችሁ። የቀራችሁ ሰብሳቢያችሁን መርጣችሁ ደውሉ፤ መጥተን ጣሪያውን የምንለካው በነጻ ነው።

ከሠላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ