ጳጉሜንን ለቆጠሩልኝ አዋላጅ ነርስ የቀረበ ምስጋና

ልጄ መጋቢት 30 ቀን፣ በተወለደች በ80 ቀኗ፣ ክርስትና ተነሥታለች። ይህን ደብዳቤ እስከዚያ ያዘገየሁት አራስነቱ ስለያዘኝ ብቻ አይደለም፤ በደስታና በድካም መካከል ሆኜ ብጽፈው ባለውለታዬን በጥቅል ቃል አመስግኜ እንዳላልፍ ስለፈራሁም ነው። ምስጋናዬ ጥር 9 ቀን ማታ በጎንደር ከተማ፣ በወለድሁበት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ለነበሩት አዋላጅ ነርስ ይድረስልኝ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልወደዱ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ሲስተር» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ቀደም ሲል ክትትል አደርግበት በነበረ ጤና ተቋም የመውለጃ ቀኔ ጥር 2 ተብሎ ካርዴ ላይ ተጽፎ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ «ገና ነው፣ ምጥ ሲጀምርሽ ነይ» ተብዬ ተመለስሁ። እናቴ ሆዴን እያየች «ይህ ልጅ ገናን አሳልፎ ጥምቀትን ሊያከብር ነው» እያለች ትቀልድ ነበር፤ ጥር 9 ቀን ግን የጽንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰ ስለመሰለኝ ቀልዱ ቀርቶ ከአዘዞ በታክሲ ተነሥተን መጣን።

ሲስተር ካርዴን ተቀብለው የመጨረሻ የወር አበባዬ መቼ እንደነበረ ጠየቁኝ። መጋቢት 22 አልኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ ከዚያም «ጳጉሜን የት ጣሏት?» አሉ። በእኛ አቆጣጠር ከዘጠኝ ወር በላይ 10 ቀን የሚጨመረው እርግዝናው ጳጉሜንን ካላቋረጠ ነው፤ ካቋረጠ ግን የሚጨመረው 5 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቀኔ ታኅሣሥ 27 ነበር፤ በዚያ ማታም 41 ሳምንት ከ5 ቀን ሞልቶኛል ማለት ነው። አምስት ቀን በሌላ ጉዳይ ላይ ከቁም ነገር አይገባ ይሆናል፤ 42 ሳምንት ሊሞላት ለተቃረበች ነፍሰ ጡር ግን ብዙ ነው፤ ጊዜው ባለፈ ቁጥር የእንግዴ ልጁ አቅም ሊደክም፣ ጽንሱም ሽርት ውኃው ውስጥ ሊጸዳዳ ይችላልና። ሲስተር ይህን ሁሉ ሳያስደነግጡኝ ነገሩኝ፤ የተሳሳተውንም ሰው አንድ ቃል ሳይናገሩት የተጻፈውን ቀን በአንድ መስመር ሰርዘው ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ።

አልጋዎቹ ሁሉ ተይዘው ስለነበር እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ኮሪደር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየሁ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ወንበሩ ጠባብ፣ ሌሊቱም የጥር ብርድ ነበር። ሲስተር ግን ሌሎች ምጥ የያዛቸውን እያዩ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ እኔ እየተመላለሱ ያችን ጥሩንባ የመሰለች ማዳመጫ ሆዴ ላይ አድርገው የጽንሱን የልብ ምት በሰዓታቸው ይቆጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ እናቴን «እማማ፣ ይምጡ ይስሙ» አሏት። እናቴ አምስት ልጅ ቤቷ የወለደች ሴት ናት፤ የአንዳችንንም የልብ ትርታ ማሕፀን ውስጥ ሳለን ሰምታ አታውቅም። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለል አድርጋ ጎንበስ አለችና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል «የፈረስ ሶምሶማ ይመስላል» አለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ አልተነፈሰችም።

ጥር 10 ቀን ጠዋት ምጥ የሚያመጣው መድኃኒት በጉሉኮስ ተጀመረልኝ። ሲስተር ተረኛነታቸው አልቆ ሲወጡ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ በአልጋ ቁጥር ሳይሆን በስሜ እየጠሩኝ፣ የሆነውንና ያልሆነውን ሁሉ ለተተኪያቸው አስረከቡ። ቀኑን ሙሉ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ የሕዝቡ እልልታ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ የእኔ ምጥ ግን በዝግታ ነበር የሚሄደው። ማታ ተመልሰው ሲገቡ መጀመሪያ የተናገሩት «አንቺ እስካሁን እዚህ ነሽ?» የሚል ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሕመም ጋር ሳቅሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሽርት ውኃዬ ፈሰሰ፤ መልኩ አረንጓዴ ነበር። ሲስተር አልደበቁኝም። «ውኃው ተቀይሯል፤ ሐኪም አስጠርቻለሁ፤ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል፤ የልጅሽ ልብ ግን ደኅና እየመታ ነው፣ 132 ነው» አሉኝ። ከ110 እስከ 160 ድረስ ጤነኛ መሆኑን ቀድመው አስተምረውኝ ስለነበር ያን ቁጥር እንደ ገመድ ያዝሁት። ሐኪሙ መጥተው የማሕፀኔ በር 9 ሳንቲ ሜትር መከፈቱን ሲያረጋግጡ ጥቂት እንድንጠብቅ ወሰኑ፤ ለእሳቸውም ምስጋናዬ የከበረ ነው።

ልጄ ጥር 11 ቀን ሊነጋጋ ሲል ተወለደች። ወዲያው አላለቀሰችም። ሲስተር በፎጣ እያደራረቁ ጀርባዋን ሲያሹላት ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም አላውቅም። ስታለቅስ እናቴ እልል ማለት ጀመረች፤ አራተኛው ላይ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ «ለሴት ሦስት ነው እኮ» ብላ ልታርማት ስትል ሲስተር እትብቱን እያሰሩ «ተዋት፣ ዛሬ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ» አሉ። ሰባት ሞላ።

ሌሊቱን ሙቅ ውኃ ላመጡልን የጽዳት ሠራተኛ፣ በር ላይ ቆሞ ላደረው ባለቤቴ፣ ገንፎ ይዘው ለመጡት ጎረቤቶቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተርን ለክርስትናው ጠርተናቸው ተረኛ ስለነበሩ ሊመጡ አልቻሉም፤ ድፎ ዳቦውን ባለቤቴ ማዋለጃ ክፍል ድረስ አድርሶላቸዋል። የሆስፒታሉ አስተዳደር ደግሞ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያይዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።