የዓይኔን ብርሃን ለመለሱልኝ፣ ሥዕሌንም እንደገና እንድመረምር ላበቁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ከሁለቱ የዓይን ቀዶ ሕክምናዎች በሰላም አውጥቶ፣ የሥዕል ዐውደ ርእዬን ከፍቼ በጤና እንድዘጋ የረዳኝን ልዑል እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በመክፈቻው ምሽትም ሆነ በቀጣዮቹ ቀናት ፒያሳ ድረስ መጥታችሁ ሥዕሎቼን ለተመለከታችሁ፣ በስልክና በመልእክት ለጠየቃችሁኝ፣ በሕመሜ ወራት ከጎኔ ላልተለያችሁ ቤተሰቦቼ፣ ወዳጆቼና የሙያ ባልደረቦቼ እያንዳንዳችሁን ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ማመስገን ይገባኝ ነበር። ይህ ስለማይቻለኝ ጽሑፉ በእኔ ፈንታ እንዲደርሳችሁ እወዳለሁ። በዐውደ ርእዩ ላይ ብዙዎቻችሁ «ሥዕልሽ ምን ነክቶት እንዲህ ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በሰው መካከል ቆሜ በጥድፊያ የሰጠሁት መልስ ለእኔም አልበቃኝም። ለእያንዳንዳችሁ ያለብኝ ውለታ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀውም በሥዕሌ ላይ የሆነው ነገር ሲነገር ነውና፣ ምስጋናውንና መልሱን አንድ ላይ አቀርባለሁ።

ሕመሜ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ በዚህ ሕመም በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ከመደብዘዙም በላይ በዓመታት ሂደት ወደ ቢጫነት፣ ሲብስም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። እንዲህ የጠቆረ ሌንስ ከሁሉም በላይ የሚያስቀረው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ብርሃን ነው። ለውጡ በጣም አዝጋሚ ስለሆነ አእምሮ ከዕለት ወደ ዕለት ይለማመደዋል፤ ታማሚው ቀለም እንደጎደለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔም በእነዚያ ዓመታት ዓይኔ ያሳየኝን በሙሉ ልቤ ስሥል ነበር። ሸራዬ በርንት ሳይና፣ ኦከርና ኡምበር በሚባሉት ቡናማና ቢጫማ የአፈር ቀለሞች ተሞላ፤ ሰማያዊ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። ተመልካቾች ይህን የቀለም ምርጫ ወደውት ነበር። አንዳንዶቹ ከደጋው አፈር፣ ሌሎቹ ከድሮዎቹ የአራዳ ጭቃ ቤቶች፣ ጥቂቶቹም በዕጣን ጢስ ከጠቆሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጋር አያይዘው ጽፈውለታል። እነዚህ አስተያየቶች ዛሬም ከልቤ የማከብራቸው ናቸው፤ ሐሰት ሆነው አላገኘኋቸውምና።

ነገሩን አስቀድማ የተረዳችው ታናሽ እህቴ ናት። ለበዓል ለምታሠራው ቀሚስ ጥለት ስንመርጥ ሁለት የጥለት ናሙናዎችን ጎን ለጎን ዘርግታ «እትዬ፣ ከጥቁሩና ከሰማያዊው የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። እኔ ሁለቱም ጥቁር እንደሆኑ ነገርኳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዝም አላለችም፤ ቀጠሮ የያዘችውም፣ እጄን ይዛ የወሰደችኝም፣ በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ከጎኔ የዋለችውም እርሷ ናት። እህቴ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ስታደርጊ አንድም ቀን ድካምሽን አላሳየሽኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቀዶ ሕክምናውን ላደረጉልኝ ሐኪምና አብረዋቸው ለሠሩት ነርሶች ያለኝን አክብሮት የምገልጽበት ቃል አጥሮኛል። ሐኪሜ ሠዓሊ መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ከሸራው በምን ያህል ርቀት ቆሜ እንደምሠራ ነበር። በተፈጥሮው ሌንስ ቦታ የሚተካው ሰው ሠራሽ ሌንስ እንደ ጤነኛ የወጣት ዓይን ቅርብና ሩቅን እያፈራረቀ ማስተካከል ስለማይችል፣ ጥራቱ በየትኛው ርቀት ላይ እንዲሆን አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ታማሚ እያለባቸው ጊዜ ወስደው አወያዩኝ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሙሉውን ሥዕል የማይበት ርቀት ያለ መነጽር እንዲጠራልኝ፣ ብሩሽ ይዤ ቀርቤ ስሠራ ደግሞ መነጽር እንዳደርግ ተስማማን። ዛሬ ከሸራዬ ወደ ኋላ ባፈገፈግሁ ቁጥር የእርሳቸውን ትዕግሥት አስታውሳለሁ።

የግራ ዓይኔ ቀድሞ ታከመ፤ የቀኙ ከሳምንታት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። በመካከል ያለው ጊዜ በሠዓሊነት ሕይወቴ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩበት ነው። ሽፋኑ ሲነሣልኝ የነርሷ ነጭ ጋውን ሰማያዊ የተነከረ መስሎ ታየኝ። ወደ ስቱዲዮዬ ተመልሼ ኡልትራማሪን ከሚባለው ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ቱቦ ጥቂት በነጭ ሳሕን ላይ ጨመቅሁና አንዱን ዓይኔን እየከደንኩ በሌላው ተመለከትኩት። በታከመው ዓይኔ ጥልቅ፣ እንደ ውኃ የሚስብ ሰማያዊ ነው፤ ባልታከመው ዓይኔ ደብዛዛ፣ ወደ ግራጫ ያደላ ጥቁር ነው። ሳሕኑ ራሱ በአንዱ ዓይን ነጭ፣ በሌላው የሻይ ቀለም የነካው ይመስል ነበር። ከአራዳ ጊዮርጊስ በስተጀርባ ካለው ስቱዲዮዬ መስኮት ወደ ሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ተራራ በአንዱ ዓይኔ ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ፣ በሌላው የተቃጠለ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ወዳጄ ከእንጦጦ የለጋ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ያልጎለመሰው ቅጠል በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ዱቄት አለው፤ ያ ዱቄት ቅጠሉን ከአረንጓዴነት ይልቅ ወደ ሰማያዊነት ያደላ ያደርገዋል፤ በጣት ሲጠረግ ደግሞ ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል። ባሕር ዛፍ በየሥዕሌ ስሥል የኖርኩ ሰው ይህን ቀለም ለረጅም ጊዜ አላየሁትም ነበር።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመድረሱ በፊት ከዚያው መስኮት የሚታየውን አንዱን እይታ ሁለት ጊዜ ሣልኩት፤ አንዱን ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ፣ ሌላውን ግራ ዓይኔን ሸፍኜ። በዐውደ ርእዩ መግቢያ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ያያችኋቸው ሁለት ሥዕሎች እነዚያ ናቸው። በአሣሣል ረገድ ከሥራዎቼ ሁሉ የላቁ ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ከሌሎቹ በላይ ሰው የቆመው በእነርሱ ፊት ነበር። ለዚህም የማሳያውን ሠራተኞች ማመስገን አለብኝ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ቢጫ አምፖሎች በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚያጠፉት ስነግራቸው፣ መክፈቻው ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው መሰላል አቁመው ሁሉንም ወደ ነጭ ብርሃን ያደሉ አምፖሎች ለውጠውልኛል።

የቀኙ ዓይኔ ከታከመ በኋላ የሣልኳቸው ሥራዎች ሰማያዊ ብቻ ሆኑ። ጥላው ሰማያዊ፣ ነጠላው ሰማያዊ፣ የፊት ቆዳ ሳይቀር ሐምራዊ ሆነ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማከብረው የሙያ ወንድሜ ስቱዲዮዬ መጥቶ ሥራዎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ፣ ወዳጅ ብቻ በሚደፍረው ቃል «ይኼ የተመለሰልሽ ቀለም ነው፤ ሥዕልሽን ግን ገና አላየሁትም» አለኝ። ከዚያም ሳይሄድ የድሮዎቹን ቡናማ ሥዕሎች ከመደርደሪያ እያወጣ ከአዲሶቹ ጋር እያፈራረቀ ግድግዳው ላይ ደገፋቸው። ወንድሜ ሆይ፣ የዚያን ዕለት ያደረግህልኝን ለሰው ሁሉ የምናገረው በደስታ ነው።

ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ቀለሙ ከሥር እስከ ላይ ተለውጦ ያልተለወጠ ነገር እንዳለ አየሁ። ሰዎቼ ዛሬም በሸራው ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ መሐሉ ክፍት ነው። ሴቶቹ ከጀርባ ይታያሉ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ የሚወርድበት መስመር በአንድ ትንፋሽ የተሳበ ነው። ፊታቸውን ወደ ተመልካች ሲያዞሩ ዓይናቸው ሰፊ ነው፤ ዙሪያውንም በጠቆረ መስመር የተከበበ ነው። ይህን መስመር ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ካየኋቸው ቅዱሳን የወረስኩት ነው። በዚያ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ እኛ ሲመለከት ክፉው በጎን ታይቶ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል፤ በእኔ ሸራ ላይ እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው የለም። ክፍቱን መሐልና የመስመሩን ጥንካሬ ደግሞ ያገኘሁት ከመምህሮቼ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስማር፣ በሶቭየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ መምህራን ቀለም ከመንካታችን በፊት ለረጅም ጊዜ በከሰል ብቻ ያስነድፉን ነበር። በከሰል ንድፍ ውስጥ ሰማያዊም ቡናማም የለም፤ ዓይኔ ቀለም ሲነፈግ እጄ ያልጠፋውም በዚያ ሥልጠና የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። በሕይወት ላላችሁ መምህሮቼ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ላለፉትም ነፍስ ይማር እላለሁ።

በዚያ ሰሞን ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄጄ ነበር። ጀርመን አገር ኮሎን ከተማ ተምሮ የተመለሰው ይህ ሠዓሊ፣ የነገሮችን መልክ በቀጥታ የማይከተለውን ረቂቅ ሥዕል ለአገራችን ተመልካች ካስተዋወቁት ቀዳሚ ነው፤ ቀድሞ በደበዘዘ ዓይን ያየኋቸውን ሥራዎቹን እንደ አዲስ አየኋቸው። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የክሎድ ሞኔ ታሪክም ብርታት ሰጥቶኛል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1912 የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንዳለበት ተነግሮት፣ ቀዶ ሕክምናውን የተቀበለው በ1923 ነበር፤ በመካከል ባሉት ዓመታት ሥዕሎቹ ወደ ቀይና ቡናማ አድልተዋል። በእርሱ ዘመን ሌንስ የመተካት ሕክምና ስላልነበረ በወፍራም መነጽርና በብዙ ስቃይ እስከ ሕልፈቱ ሠርቷል። እኔ ከእርሱ ይልቅ በጣም የተመቸኝ ሠዓሊ ነኝ።

አሁን የምሠራበት መንገድ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጥቁር ቀለም ቱቦ አልጠቀምም። ጥላውን የማወጣው ኡልትራማሪንን ከበርንት ሳይና ጋር በማዋሐድ ነው፤ ሁለቱ በቀለም ክበብ (ቀለሞች በዙር ተደርድረው በሚታዩበት ሥዕላዊ መግለጫ) ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙ ወገኖች ስለሆኑ ሲዋሐዱ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁርና ግራጫ ይሰጣሉ። ሳይናው ሲበዛ ጥላው ይሞቃል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል። ይህን ውሕደት ማንም ተማሪ ያውቀዋል፤ ለእኔ ግን አንደኛው ቀለም የሕመሜ ዓመታት፣ ሌላው ከሕክምና በኋላ ያገኘሁት ነው፤ ሁለቱንም ሳልጥል የምሠራበት መንገድ ሆኖልኛል። በዐውደ ርእዩ መጨረሻ ክፍል ያያችኋቸው፣ በጊዮርጊስ ደጀ ሰላም በቀትር የቆሙት ሴቶች የተሣሉት በዚህ ነው። በነጠላቸው እጥፋት ውስጥ ያለው ጥላ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲሄድ ከቡናማ ወደ ሰማያዊ ይሻገራል። ገና ብዙ የሚቀረው ሥራ ነው፤ በተለይ የፊት ቆዳን በዚህ ውሕደት ማውጣት እስካሁን አልተሳካልኝም፤ እየሠራሁበት ነው።

በማየው ልክ መሥራት ባቃተኝ ወራት ቱቦዎቼን በተራ እየደረደረ፣ ጽሑፋቸውን እያነበበልኝ፣ ብሩሾቼን እያጠበ አብሮኝ ለቆየው ወጣት ሠዓሊ ልዩ ምስጋና አለኝ። ክፈፎቹን በብድር ሠርተው ገንዘቡን «ሲሸጥ ትከፍይኛለሽ» ላሉኝ ጋሼ፣ ሸራ ወጥሮ ስቱዲዮ ድረስ ላመጣልኝ ልጃቸው፣ በሕመሜ ጊዜ ምሳ እያስላኩ ላበሉኝ የግቢ ጎረቤቶቼ፣ ለዕድሬ አባላት፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ።

የቀድሞ ቡናማ ሥራዎቼን ከግድግዳችሁ ላይ አውርዳችሁ ለዐውደ ርእዩ ላዋሳችሁኝ ባለቤቶች በተለይ እጅ እነሣለሁ። አንዳንዶቻችሁ «አሁን በደንብ ስለምታዪ ቀለሙን ልታስተካክዪው ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ በቅንነት ጠይቃችሁኛል። አልነካቸውም። በጊዜው ያየሁት እንዲያ ነበርና እንዳሉ ይቀመጡ። ሁሉም ጸድተው፣ ክፈፋቸው የላላው ተጠባብቆ፣ ተጠቅልለው ተዘጋጅተዋል፤ በሚመጣው ሳምንት ወጣቱ ረዳቴና እኔ ራሴ ቤታችሁ ድረስ እናመጣቸዋለን። በመግቢያው ላይ የነበሩት ሁለቱ የእንጦጦ ሥዕሎች አይሸጡም። ሐኪሜ ለታማሚዎች ሕመሙን ሲያስረዱ እንዲያሳዩባቸው ስለጠየቁኝ፣ በእርሳቸው ክሊኒክ የመጠበቂያ ክፍል ይሰቀላሉ።

ከታላቅ አክብሮትና ፍቅር ጋር፣
እህታችሁ ሠዓሊዋ
አራዳ፣ አዲስ አበባ