ለአባባ ባቡር 12 ሚሊ ሜትር፦ የሞዴል ባቡርና የስፖርት መኪና ክበብ ዘገባ

መስከረም ላይ ክበቡን ስንጀምር 9 ልጆች ነበሩ። ዛሬ 23 ሆነዋል። አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ ፊዚክስ ላብራቶሪ በራፍ ላይ የሚጠብቁትን ያየ ሁሉ ምስክር ነው።

"መምህር፣ ልጆቹ መጫወቻ ይዘው ነው የሚያመሹት?" ያሉኝ ወላጅ አሉ። ያኔ የመለስኩትን እዚህም ልድገመው። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ትናንሽ መኪኖች እሰበስባለሁ። ቤቴ መደርደሪያ ላይ በ1፡18 የተሠራች፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 18 ጊዜ ያነሰች ቀይ ፖርሽ 911 አለችኝ። ማታ አቧራዋን ስጠርግ የቀኑ ድካም ይለቀኛል። ልጆችም ለማርክ ሳይሆን ስለወደዱት ብቻ የሚሠሩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ከወደዱት ሒሳቡም ፊዚክሱም ተከትሎ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምርጫ፣ በመዋጮና በደንብ ማርቀቅ አለፉ። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። እህቴ ከውጭ የላከችልኝን አንድ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎ ለክበቡ አመጣሁ፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳሉ። መሬቱ ሁለት ቺፑድ ነው። ተራራውን ከፎምና በኮላ ከተነከረ ጋዜጣ ሠራነው። ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የጠጣ ሰጋቱራ ነው። ሽቦና አሮጌ አዳፕተር ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሁለት ጊዜ ወርደናል።

ጥር ላይ አንድ አዳፕተር አቃጠልን። ልጆቹ ባቡሩ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ እንዲመለስ ፈለጉ፤ ሐዲዱን ጠምዝዘው ከራሱ ጋር አገናኙት። ወዲያው ጨሰ። ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ ነው። መንገዱ ወደ ራሱ ሲመለስ ሁለቱ ይነካካሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብበት ቆይታ፣ ጥምዝዙ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ ቆርጠን በፕላስቲክ እንድንለየው፣ መሐሉንም በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ እንድናገላብጠው ነገረችኝ። ትክክል ነበረች። እኔ አልነገርኳትም።

መኪና የሚወዱት በበኩላቸው የ1963ቱን ፖርሽ 911 እና የ1966ቱን ላምቦርጊኒ ሚዩራ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካርቶን ሠርተዋል። የፖርሹ ሞተር ከኋላ ጎማዎች አክስል በስተኋላ ነው ያለው። የሚዩራው ግን ከሾፌሩ ጀርባ፣ መሐል ላይ ነው። ልጆቹ በካርቶን መኪናዎቹ ውስጥ ጭቃ እንደ ሞተር አስቀምጠው፣ የፊት ጎማቸውን ጠመም አድርገው ወለል ላይ ገፏቸው። ክብደቱ ከኋላ የሆነው ኩርባ ላይ ጭራውን ወረወረ። ከዚያ በኋላ "የቱ ይሻላል" የሚለው ክርክር ማብቂያ አጣ። አሁንም አላለቀም።

ከዓመቱ ሁሉ ግን ልቤ የቀረው የመጋቢቱ ጉዞ ላይ ነው።

ከሜክሲኮ በቀላል ባቡሩ ተሳፍረን ስታዲየም ወረድን፤ በእግር ወደ ለገሃር ተመለስን። አብረውን አንድ አዛውንት ነበሩ። የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ውስጥ በጥገና ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ዓይነት ነው። ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ ቆመን አባባ በከዘራቸው ወደ ጣቢያው እያመለከቱ አወሩልን። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕንፃው ደግሞ በ1929 ተከፈተ። "ለገሃር" ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር። አንዷ ስልኳን አውጥታ ለ87 አካፈለችው፦ 9 ኪሎ ሜትር። እኛ ጠረጴዛ ላይ ብንዘረጋው ከለገሃር ተነስቶ ወደ ቃሊቲ ይጠጋል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ያ ዝምተኛ ልጅ የተናገረው። "አባባ፣ የእርስዎ ሐዲድ ስፋቱ ስንት ነበር?"

"አንድ ሜትር፣ ልጄ።"

ደብተሩን አውጥቶ አሰላ። የእኛ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የቀላል ባቡሩና የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል ግን 12 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቀና ብሎ አየኝና "መምህር፣ የአባባ ባቡር እኛ ሐዲድ ላይ አይሄድም" አለ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

መልሱን ራሱ አመጣው። ለሦስት ሳምንት ማንንም ሳያስነካ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ መዳቡን እየላጠ፣ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ 12 ሚሊ ሜትር አራርቆ ለጠፈው። ርዝመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከካርቶን በሠራነው ለገሃር ፊት ለፊት አስቀመጠው። የሚሄድበት ባቡር የለም፤ ሐዲዱ ብቻ ነው።

የወላጆች ቀን መብራት ሄደ። ልጆቹ ሊያለቅሱ ደርሰው ነበር። አንድ አባት ወጥተው የሞተር ሳይክላቸውን ባትሪ ፈትተው ይዘው መጡ። 12 ቮልት ነው፤ ባቡራችንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሰው አጨበጨበ። አባባ ግን የሚዞረውን ባቡር አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጣታቸው የልጅ ልጃቸውን ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሱ ነበር።

አሁን ችግራችንን ልናገር። ቋሚ ቦታ የለንም። አርብ የዘረጋነውን ሐዲድ ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ለትምህርት ስለሚፈለግ እናፈርሰዋለን። በመፍታትና በመግጠም ብቻ 11 የሐዲድ ማገናኛ ተሰብሮብናል። ለኳስ ክበቡ አዲስ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፤ ልጆቹ ይገባቸዋል። የእኛ 23 ልጆችም ግን የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የምንጠይቀው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት ግማሹን፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁምሳጥንና የማይነሳ አንድ ጠረጴዛ ነው።

ወላጆች ደግሞ እቤት የተቀመጠ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር፣ ትርፍ ቺፑድ ወይም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ካላችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። የ12 ሚሊ ሜትሩን ሐዲድ ማስረዘም እንፈልጋለን። ፉርጎውን አባባ ራሳቸው በእንጨት እየጠረቡ ነው።