የጥሩወርቅን ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ

ባሕር ዳር፣ ጥር

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እትዬን በየሰንበቱ ጊዮርጊስ አገኛቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ስምሽን ሳያነሱ አንለያይም።

ዝምታችን በጣም ረዘመ። አንዴ ኔትወርክ ጠፋ፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ ሁሉም ሲመለስ ደግሞ ከየት ልጀምር እያልኩ ቆየሁ። አሁን ግን ሳልነግርሽ የማላድርበት ወሬ አለኝ። የጥሩወርቅን ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ።

አዎ፣ ያንኑ ቀሚስ። በ2010 ዓ.ም የሎንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ዕቃዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ሄደሽ ያነሳሽልኝን ፎቶ አትረሺውም መቼም። እስከ ዛሬ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ አለ። ጥጡ ነጭ፣ ጥልፉ በቀለም ያማረ የሐር ክር።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብሱን ስትሰፊ ግን ባለቤቲቱ ይቀርቡሻል። እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት ናቸው። መቅደላ የወደቀችው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ነው። እሳቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው በግንቦት አረፉ። ልጃቸው ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የእሳቸው ነው ተብሎ የሚታመነው ቀሚስ ግን ሎንደን ገባ። ማታ ማታ ስጠልፍ ይሄ ትዝ እያለኝ መርፌውን አስቀምጬ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉ ያደከመኝ ጨርቁ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው የሀገር ልብስ አብዛኛው በቁመቱ የሚወጠረው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የሚሆነው በአግድም የሚገባው ማጉ ብቻ። በእሳቸው ዘመን ድሩም ማጉም በእንዝርት የተፈተለ ነበር። ዓይን ቶሎ አይለየውም፣ እጅ ግን ይለየዋል። ሁለቱም የእጅ ፈትል ሲሆን ጨርቁ ይከብዳል፣ ሰውነት ላይም አርፎ ይወርዳል። ለድር የሚሆን ክር ደግሞ ጠበቅ ብሎ መከረር አለበት፤ አለዚያ ሸማኔው በወጠረው ቁጥር እየተበጠሰ መከራውን ያበላዋል። እንዲህ ያለ ክር የሚያወጡ እናቶች በሰፈራችን ጥቂት ናቸው። አንዷን ለምኜ አስፈተልኩ። ሸማኔው መጀመሪያ ፊቱን ቢያጠቁርም እየሠራ ሲሄድ ወደደው። በኋላማ እሱ ራሱ እየደወለ «ነይና እዪው» ይለኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ነገር የተማርኩት። ሸማኔ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ነው የሚወረውረው። ስለዚህ የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። እኔና አንቺ ስንማር በወረቀት ንድፍ አውጥተን፣ ጨርቁን በንድፉ ልክ ነበር የምንቆርጠው። የሸማ ቀሚስ ግን የሚጀምረው ከጨርቁ ወርድ ነው። ወርዱ ደረትና ጀርባ ይሆናል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሌላ ቁራጭ ይገባና ወደ ታች ይሰፋል፣ ከተረፈው እጅጌ ይወጣል። በዚህ መንገድ ስቆርጠው የሚጣል ጨርቅ ከእፍኝ አይበልጥም ነበር። ያን ሁሉ ጥጥ ባዝቶ ፈትሎ ያለበሰ ሰው ቁራጭ ሲጣል አይቶ ዝም የሚል አይመስለኝም።

ጥልፉን የሠራሁት ጎኑ ሳይገጠም፣ ጨርቁ ገና ዝርግ እያለ ነው። ድሮ ባለቀለም ሐር ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረም ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። እኔም አንድ ያረጀ የሐር ሻሽ ተርትሬ ከፊሉን በእሱ ጠለፍኩ። ቀዩ ነጩን እንዳያበላሽብኝ ክሩን ለብ ባለ ውሃ እየነከርኩ፣ ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም በነጭ ጨርቅ እየጨመቅኩ አየሁት። ይህችን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስፌቱ ሁሉ በእጅ ነው፤ መኪናዬን አልነካሁም።

ሥዕሎቹንም ሳላይ አልቀረሁም። በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ፤ ደቅ ደሴት ድረስም ሄጄ ናርጋ ሥላሴን ተሳለምኩ። ናርጋን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ልብስ እንዴት እንደሚደረብ፣ እንዴት እንደሚወድቅ ከእነዚህ ግድግዳዎች ብዙ ይገኛል። የአሰፋፉን ነገር ግን ሥዕል አይነግርሽም። እቴጌይቱ ስለተደፉ የፊቱን አሠራር ጭራሽ ማየት አይቻልም።

ቀሚሱን ለጥምቀት የእህቴ ልጅ ለበሰችው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ! ታቦት ስንሸኝ ስንት ሰው እንዳስቆማት ብታዪ። አንዲት አዛውንት እጅጌውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ዳበሱት፤ የእናታቸውን ቀሚስ አስታውሷቸው ነው። በሳምንቱ ደግሞ ከቴክስታይልና ፋሽን ኢንስቲትዩቱ ልጆች ቤቴ መጡ። ምን እንዳስደሰተኝ ታውቂያለሽ? ገና ሲይዙት ገለበጡት። ፊቱን ማንም ያደንቃል። ውስጡን የሚያይ ግን መሥራት የፈለገ ሰው ነው።

ሽጪልኝ ያሉም አልጠፉም። አልሸጥኩትም። ልኩንና አቆራረጡን ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሙያሽን በነፃ አትበትኚ የሚሉኝ አሉ፤ አልስማማም። ገበያው ጥለቱ በላዩ ላይ በታተመ ጨርቅ ሞልቷል። ርካሽ ስለሆነ በገዢው አልፈርድበትም። ግን የእጁን ሥራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሁለቱን በምን ይለያቸው? ስለዚህ የጨረስኩትን ሳጥን ውስጥ አላስቀምጥም። ይለበስ፣ ይነካ፣ ይገልበጥ።

አሁን ወደ ልመናዬ። እኔም ይህን የሰፋሁት የዋናውን ፊት ብቻ አይቼ ነው። ውስጡን ግምቴ ነው የሞላው። ሙዚየሙ በዕቃ ቤት ያሉ ቅርሶችን በቀጠሮ ያሳያል ሲሉ ሰምቻለሁ። እባክሽ ጻፊላቸው። ከፈቀዱልሽ ሦስት ነገር እዪልኝ። የጨርቁ ወርድ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስንት ነው? የጎኑ መጋጠሚያ እንዴት ነው የተሰፋው፣ ጠርዙ ታጥፎ ተዘምዝሟል ወይስ እንዲሁ ተትቷል? ከጥልፉ ጀርባ ገበር አለው? ፎቶ ከከለከሉ እርሳስና ወረቀት ያዢ። ሌላ ሰው ብልክ አበባውን አይቶ ይመለሳል፤ ያንቺ ዓይን ግን ስፌት ያውቃል። የእኔ ከዋናው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ፤ ክርም ጨርቅም አስቀርቻለሁ።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። የውስጡንም ገልብጬ አንስቼዋለሁ፣ ስትሄጂ እንድታስተያዪው። እትዬ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን ክፍት ያደርጋሉ፣ ደውዪላቸው።

ያንቺዋ