ባለ ሽጉጡ ብቻ ለምን ይነሳል?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው ባለ ሽጉጡ ነው፤ ጠበቃው ይረሳል። እኔ የጠበቃው የዊልበር ፊስክ ሳንደርስ ታሪክም እንዲነገር እሻለሁ።

ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1863 ከአጎቱ ከሲድኒ ኤጀርተን ጋር ከኦሃዮ ተነስቶ በዛሬዋ ሞንታና ወደሚገኘው፣ ባናክ ወደሚባለው የወርቅ ሰፈር መጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጆርጅ አይቭስ በነፍስ ግድያ ሲከሰስ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የተሟገተው እርሱ ነበር። ችሎቱ የተሰየመው እዚያው ሞንታና ባለችው በኔቫዳ ሲቲ፣ በብርድ፣ ሜዳ ላይ፣ በማዕድን ቆፋሪዎች ፊት ነው። የተከሳሹ ወዳጆች በሕዝቡ መካከል ነበሩ። ሳንደርስ ገና የ29 ዓመት ሰው ነው፤ አልፈራም። አይቭስ ጥፋተኛ ሲባል የስቅላት ፍርዱ በዚያው ምሽት እንዲፈጸም ጠየቀ፤ ተፈጸመም።

እዚህ ላይ ማቆም ግን እውነትን መሸራረፍ ይሆናል። ከቀናት በኋላ ያው ጠበቃ ያለ ችሎት የሚሰቅል ኮሚቴ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ኮሚቴው በ1864 መጀመሪያ ሸሪፉን (የአካባቢውን ሕግ አስከባሪ) ሄንሪ ፕለመርን ጨምሮ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎችን ሰቀለ። ይህ ያመኛል፤ ዳኛ በሌለበት ምድር ችሎት ማቆም እንደሚቻል ያሳየው ራሱ ሳንደርስ ነበርና።

ኋላ በሞንታና ቴሪቶሪ (ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት ባልሆነችው ሞንታና) ሕግ አውጪ ምክር ቤት አገለገለ፤ በ1890 ሴናተር ሆነ። በሞንታናዋ ቢዩት ከተማ ሰው ከእነርሱ ጋር እንዳይገበያይ አድማ ለተመታባቸው ቻይናውያን ጥብቅና የቆመውም እርሱ ነው። ጋዜጣችሁ ሁለቱንም ሳንደርስ አንድ ላይ ቢያቀርብልን ደስ ይለኛል።

አክባሪ አንባቢያችሁ